የአየር ማረፊያ ሚዛን ይታመናል ወይ? ከጅማ ሻንጣ ለሚያዘጋጁ

ልጅ ወይም ዘመድ ወደ ውጭ በሚሸኝ የጅማ ቤት ሁሉ አንድ ጥያቄ ይነሳል። «እዚህ የመዘንነው እዚያ ስንደርስ ይጨምርብን ይሆን?» መልሴን ከፊት ላስቀምጠው። የአየር ማረፊያ ሚዛን በአብዛኛው ይታመናል። ቤት ውስጥ ከምንጠቀምበት ርካሽ ሚዛን ደግሞ በጣም ይሻላል። ግን ማሽን ነው፤ የሚስትበት ጊዜ አለ። ሲስት ባለ ሻንጣው እዚያው ቆሞ በዓይኑ ሊያየው ይችላል። የት ማየት እንዳለበት ካወቀ ማለቴ ነው። ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ ወይ ያለ አግባብ ይከፍላል፣ ወይ ያለ አግባብ ይጣላል። ሁለቱም ያሳዝነኛል። ስለዚህ የማውቀውን ልጻፍላችሁ።

ኑሮዬ ሚዛን ላይ ነው። በወጣትነቴ ቡና መጋዘን ውስጥ መዛኝ ነበርኩ። አሁን ሂርማታ መርካቶ አካባቢ ቡና፣ ማርና ቅመም የምሸጥባት ሱቅ አለችኝ። በእኛ ከተማ ሚዛን ቀልድ አይደለም። ቡና በፈረሱላ ነው የሚሸጠው፤ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። በአንድ ፈረሱላ ላይ 200 ግራም የሚቀሽብ ሚዛን በኩንታል ከአንድ ኪሎ በላይ ይወስዳል። ገበሬው ከጎማ ወረዳ ወይም ከሊሙ ድረስ አምጥቶት፣ ዓመት ሙሉ የደከመበት ነው። ለዚህ ነው ቡና ውስጥ ያደገ ሰው ሚዛን ሲያይ መጀመሪያ ባዶውን የሚያየው። ምንም ሳይጫንበት ዜሮ ላይ ቆሟል ወይስ አልቆመም? ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው።

የሰፈር ሰው ይህን ስለሚያውቅ ሻንጣውን ይዞ ወደ ሱቄ ይመጣል። «እትዬ፣ ይቺን ይመዝኑልኝ» ይሉኛል። እመዝናለሁ፤ ገንዘብ አልቀበልም። የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። አየር ማረፊያ ሲደርሱ ሚዛኑ ስንት እንዳለ በስልክ እንዲነግሩኝ። ዓመታት ሲያልፉ ይህ ለእኔ ትልቅ ትምህርት ሆነልኝ። አብዛኛው ሰው የሚነግረኝ ቁጥር ከእኔ ጋር አንድ ነው፤ ካልሆነም የሚለየው በመቶ ወይም በሁለት መቶ ግራም ነው። ከግማሽ ኪሎ በላይ የራቀ ሲሆን ግን ቁጭ ብዬ ምክንያቱን እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜም ምክንያቱ ይገኛል። ከመዘንን በኋላ እናት ማታ ሹልክ ብላ አንድ ፌስታል በርበሬ ጨምራለች። ወይም ሻንጣው የተመዘነው ሌላ ቤት፣ በሌላ ሚዛን ነው።

መጀመሪያ ሚዛኑ እንዴት እንደሚሠራ ልንገራችሁ። የአየር ማረፊያ ሚዛን ከሥሩ የብረት ቁራጮች አሉት። ሻንጣው ሲጫን ብረቱ በዓይን በማይታይ መጠን ይለጠጣል። ብረቱ ላይ በጣም ቀጭን የብረት ክር ተለጥፏል። ክሩ አብሮ ሲለጠጥ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍበት መጠን ይለወጣል። ማሽኑ ያንን ለውጥ ወደ ኪሎ ቀይሮ ያሳያል። እኔ ሱቅ ውስጥ ያለው ዲጂታል ሚዛንም የሚሠራው እንዲሁ ነው። እንዲህ ያለ ሚዛን በደንብ ከተስተካከለ ታማኝ ነው። የሚያስቸግሩት ሙቀትና ቅዝቃዜ፣ ቆሻሻ፣ ያልተስተካከለ ወለል፣ በላዩ በኃይል የሚወረወር ዕቃና የመብራት መቆራረጥ ናቸው። ጅማ መብራት ሄዶ ሲመጣ ወዲያው አልመዝንም። እስኪሞቅ ትንሽ እተወዋለሁ፤ ከዚያ ዜሮውን አያለሁ።

የሚፈቀድ ስህተት የሚባል ነገርም አለ። ስለ ሚዛንና መለኪያ ሕግ የሚሠራው ዓለም አቀፉ የሕጋዊ ሥነ-ልክ ድርጅት በ1955 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ነው። ለእንደዚህ ዓይነት ሚዛኖች ያወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 76 በብዙ አገሮች ሕግ ውስጥ ገብቷል። በዚያ መሠረት በመቶ ግራም፣ በመቶ ግራም የሚቆጥር የንግድ ሚዛን 23 ኪሎ ላይ አዲስ ሲፈተሽ ከ50 ግራም በላይ መሳት የለበትም። ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ደግሞ እስከ 100 ግራም ይፈቀድለታል። በ200 ግራም የሚቆጥር ከሆነ ሥራ ላይ እያለ እስከ 200 ግራም ሊስት ይችላል። ስለዚህ ሻንጣችሁ ልክ 23 ኪሎ ሆኖ ሚዛኑ 23.1 ቢል ማንም አልበደላችሁም። ሚዛኑ በሕግ ልክ ነው። አንድ ኪሎ ቢጨምር ግን ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እዚያ ላይ መጠየቅ መብታችሁ ነው። በነገራችን ላይ ትክክለኛ የንግድ ሚዛን ከጎኑ ትንሽ ሰሌዳ አለው። ትልቁና ትንሹ የሚመዝነው መጠን፣ በስንት ግራም እንደሚቆጥርም ተጽፎበታል። የተፈተሸ ከሆነ ማኅተም ወይም የተለጠፈ ወረቀት ይኖረዋል። እኛ ገበያ ውስጥ የንግድ ቢሮ ሰዎች ሚዛን ሲፈትሹ የሚያዩት ይህን ነው። ኒውዮርክ ከተማ ውስጥም የሸማቾች ጉዳይ መሥሪያ ቤት የአየር ማረፊያ ሚዛኖችን እየዞረ ይፈትሻል። በሚዛን ገንዘብ የሚጠየቅበት ቦታ ሁሉ፣ የሻንጣ ኪሎም ቢሆን፣ ንግድ ነውና።

አንድ በተደጋጋሚ የምሰማውን ነገር ልናገር። «ጅማ ከፍታ ላይ ስለሆነች እዚህ ይቀላል፣ እዚያ ይከብዳል» የሚሉ አሉ። ነገሩ መሠረት አለው፤ መጠኑ ግን ትንሽ ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ለምድር ወገብም ቅርብ ናት። የምድር ስበት እዚህ ከሰሜን አውሮፓ የሚያንሰው ግማሽ በመቶ እንኳ በማይሞላ መጠን ነው። እዚያ ፋብሪካ ውስጥ የተስተካከለ ሚዛን ሳይነካ ጅማ ቢመጣ 23 ኪሎ ሻንጣን 90 ግራም ያህል አሳንሶ ያሳያል። በቃ፣ ይኸው ነው። ባለሙያ ደግሞ ሚዛኑን የሚያስተካክለው በሚሠራበት ቦታ ነው። ለግማሽ ኪሎ ወይም ለኪሎ ልዩነት ከፍታውን ምክንያት ያደረገ ሰው ሌላ ምክንያት ይፈልግ።

አሁን የራሴን ታሪክ ልንገራችሁ። ልጄ ውጭ አገር ትኖራለች። ልጠይቃት ሄጄ ስመለስ የገጠመኝ ነው። አገሩንም፣ አየር መንገዱንም አልጠራም።

ሻንጣዬን ልጄ ቤት መዝነነዋል። የእጅ ሚዛኑን መጀመሪያ በውኃ ጠርሙስ ፈትሼዋለሁ፤ እንዴት እንደሚፈተሽ ታች እመለስበታለሁ። ሻንጣው 22.4 ኪሎ ነበር። የፈቀዱልኝ 23 ነው። ከእኛ በፊት ባልና ሚስት ተሰልፈዋል። ሁለቱም ሻንጣቸው አልፎባቸው ትርፍ ኪሎ ከፈሉ። ሴትዮዋ ከባሏ ጋር ስትጨቃጨቅ እሰማለሁ። ቤት የመዘነው እሱ ይመስለኛል። ተራችን ደረሰ። ልጄ ሻንጣውን አነሳችና ሚዛኑ ላይ አስቀመጠችው። 23.9 አለ።

ሠራተኛው ወጣት ልጅ ነው፤ ትሑት ነበር። ወይ ክፈሉ፣ ወይ ቀንሱ አለ። ልጄ ተጨንቃ «እማ፣ ማሩን እናውጣው?» አለችኝ። ያኔ ከእሷ የምመለሰው የአገሯን ማር ይዤ ነበር፤ ለአባቷ የላከችው። «ቆይ፣ ሻንጣውን አንሺልኝና ባዶውን ልየው» አልኳት። ሠራተኛውንም በእሷ አስጠየቅኩት። እሺ አለ። ሻንጣው ተነሳ። ሚዛኑ ላይ ምንም የለም። ተሳፋሪው የሚያየው የቁጥር ሰሌዳ ግን 1.4 ይላል።

ልጁ እንዳየ ደነገጠ። ዜሮ ማድረጊያውን ሊጫን እጁን ዘረጋ። «እባክህ፣ መጀመሪያ ጎኑን እይልኝ» አልኩት፤ ልጄ ተረጎመችለት። መጋዘን ስሠራ የተማርኩት ነው። ባዶ ሚዛን በድንገት ከፍ ያለ ቁጥር ሲያሳይ አብዛኛውን ጊዜ የሆነ ነገር ተወትፎበታል። ዝም ብሎ ዜሮ መጫን ችግሩን ይሸፍነዋል እንጂ አያነሳውም። ከጠረጴዛው ጀርባ ወጥቶ መጣ። ሻንጣውን በሚወስደው ተንቀሳቃሽ ጎማና በብረቱ ጠርዝ መካከል ስብርባሪ ነገር ገብቷል። የሻንጣ ጎማ ሽፋን ይመስላል፤ ጥቁር፣ ጠንካራ ፕላስቲክ። ባልና ሚስቱ ወይም ከእነሱ በፊት የነበረ ሰው ሻንጣውን ሲጎትት ተሰብሮ የቀረ መሆን አለበት። በእስክሪብቶ ገፋ፣ ገፋ አድርጎ አወጣው። ቁጥሩ ወርዶ 0.1 ላይ ቆመ። ያኔ ዜሮውን ተጫነ። ሻንጣዬ ሲመለስ 22.5 አለ።

ሠራተኛው በጣም ይቅርታ ጠየቀ። እኔ ግን ዓይኔ የሄደው ወደ ባልና ሚስቱ ነው። ከፍለው ሄደዋል። ለልጄ «እነዚያን ሰዎች ጥሩልኝ በይው» አልኳት። ሠራተኛው ስልክ ደወለ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን አላየሁም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ የእነሱ ነገር ነው። ሴትዮዋ ባሏን ተቆጥታ ነው የሄደችው፤ እሱ ግን ምናልባት በትክክል መዝኖ ነበር።

ከዚህ ታሪክ ለሁላችሁም የሚጠቅመው አንድ ነገር ነው። ሻንጣችሁን ከማስቀመጣችሁ በፊት ሰሌዳውን እዩ። ሚዛኑ ባዶ ሲሆን ዜሮ ማለት አለበት። ዜሮ ካልሆነ ሳታስቀምጡ ተናገሩ። ካስቀመጣችሁ በኋላ ካስተዋላችሁም «ሻንጣውን አንስተን ባዶውን እንየው» በሉ። ክርክር አይደለም፤ ስድብም የለበትም። ሠራተኛው ሰሌዳውን ቀኑን ሙሉ አያየውም፤ የሚያየው የራሱን ኮምፒውተር ነው። እናንተ ስታዩለት ለእሱም እርዳታ ነው።

ዜሮው ትክክል ሆኖም ንባቡ ሊዛባ ይችላል። የሻንጣው ማሰሪያ መሬት ነክቶ ከሆነ፣ ሻንጣው ትልቅ ሆኖ የጎኑን ብረት ተደግፎ ከሆነ ቁጥሩ ይቀንሳል። ይህ ለተሳፋሪው የሚጠቅም ይመስላል፤ አይጠቅምም። ቦሌ ደርሶ እንደገና ቢመዘን ያስደነግጣችኋል። በተቃራኒው ደግሞ ልጅ ተደግፎበት፣ ወይም ከኋላ ያለ ሰው ሻንጣውን ገፍቶ የእናንተን ነክቶት ከሆነ ቁጥሩ ይጨምራል። እግሩን ሚዛኑ ጠርዝ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ብዙ ነው፤ ሳያስበው ነው። ሻንጣው መሐል ላይ ይቀመጥ። ሁላችሁም አንድ እርምጃ ራቁ። ቁጥሩ እስኪረጋ ጠብቁ። ከዚያ ያለው ቁጥር የሻንጣው ነው።

አንዳንድ ቦታ ለለስላሳ ቦርሳ የፕላስቲክ ገበታ ያቀርባሉ። ገበታው ራሱ አንድ ኪሎ እና ከዚያ በላይ ሊመዝን ይችላል። ገበታው ላይ አድርገው ከመዘኑላችሁ የገበታው ክብደት መቀነሱን ጠይቁ። እኛ ቡና ስንመዝን የጆንያውን ክብደት እንደምንቀንሰው ማለት ነው።

አሁንም ካልተስማማችሁ ሌላ ሻንጣ መቀበያ ጠረጴዛ ጋ ባለ ሚዛን እንዲመዘን ጠይቁ። ሁለቱ ሚዛኖች በመቶ ወይም በሁለት መቶ ግራም ቢለያዩ የተለመደ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ አንዱ ስህተት ነው፤ ሦስተኛው ይፈርዳል። ይህን ሁሉ ግን ሻንጣው በጎማው ሄዶ ከዓይናችሁ ከመጥፋቱ በፊት አድርጉት። ከሄደ በኋላ ማስረጃ የለም። ስልካችሁን አውጥታችሁ የሰሌዳውን ቁጥር ፎቶ አንሱት። የባዶውንም፣ የሙሉውንም። ከከፈላችሁ ደረሰኙ ላይ ስንት ኪሎ እንደከፈላችሁ መጻፉን እዩ።

ወደ ቤታችን ሚዛን እንመለስ፤ አብዛኛው ችግር ያለው እዚህ ነው።

ገበያ የሚሸጠው የእጅ ሚዛን፣ መንጠቆ ያለው፣ ሻንጣ አንጠልጥለው የሚያነሱት፣ ጥሩ ነገር ነው። አብዛኛው እስከ 50 ኪሎ ይመዝናል። ሰሌዳው ላይ በአሥር ግራም፣ በአሥር ግራም ይቆጥራል። ሰው በዚህ ይታለላል። በአሥር ግራም መቁጠሩ በአሥር ግራም ትክክል ነው ማለት አይደለም። 22.87 ብሎ ሊያሳያችሁ ይችላል፣ እውነቱ ግን 23.3 ይሆናል። ባትሪው ሲደክም ደግሞ ይብሳል። ሻንጣውን ያነሳችሁበት እጅ ሲንቀጠቀጥም ቁጥሩ ይዋዥቃል። ሁለት ሰው ዱላ ወይም መጥረጊያ እንጨት ይያዝ፤ ሚዛኑን በእንጨቱ መሐል አንጠልጥሉት። ቀጥ ብሎ ሲቆም አንብቡ። ሦስቴ መዝኑ። ሦስቱ ከተቀራረቡ እጃችሁ ደህና ነው።

ሰው የሚቆምበት ሚዛንም ይሠራል። መጀመሪያ ራሳችሁ ቁሙ፤ ከዚያ ሻንጣውን አቅፋችሁ ቁሙ፤ ልዩነቱን ውሰዱ። ምንጣፍ ላይ ግን አታድርጉት። ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ወለል ይሁን። ሻንጣውን ብቻውን ሚዛኑ ላይ ካስቀመጣችሁት ቁጥሩን ይሸፍነዋል፤ ጎኑም መሬት ይነካል።

ማንኛውንም የቤት ሚዛን ግን መጀመሪያ ፈትሹት። የታወቀ ክብደት ያስፈልጋችኋል፤ የሚዛን ድንጋይ ቤት ውስጥ የለም። ውኃ ግን አለ። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው። ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ስድስት በአንድ ታስሮ ይሸጣል። ያ 12 ኪሎ ውኃ ነው፤ ፕላስቲኩ ጥቂት መቶ ግራም ይጨምርበታል። ሁለት እሽግ በማዳበሪያ ከረጢት አንድ ላይ ካደረጋችሁ 24 ኪሎ ከግማሽ አካባቢ ይሆናል። ሚዛናችሁ ይህን 24.5 አካባቢ ካለው ደህና ነው። 23.5 ካለው ኪሎ ያጎድላል ማለት ነው፤ ሻንጣችሁ 22 ሲል እውነቱ 23 ነው። ይህን አውቃችሁ መጠቀም ትችላላችሁ፤ ሚዛኑን መጣል አያስፈልግም። በቢጫው ጄሪካን ግን አትፈትሹ። 20 ሊትር ቢባልም እስከ አፉ ሲሞላ ከዚያ በላይ ይይዛል።

ስለ ጄሪካን ካነሳን ስለ ማር ልናገር። ከጅማ የሚሄድ ሻንጣ ያለ ማር አይሄድም፤ እኔም ስለምሸጠው ብዙ አይቻለሁ። አንድ ቀን የጎረቤታችን እማማ ባለ አምስት ሊትር ጄሪካን ሙሉ ማር ይዘው መጡ። ለልጅ ልጃቸው ነው የሚልኩት።

«ልጄ፣ አምስት ኪሎዋን እዚህ ሻንጣ ውስጥ ጨምሪልኝ» አሉኝ።

«እማማ፣ ይሄ እኮ አምስት ኪሎ አይደለም፣ ሰባት ነው» አልኳቸው።

አላመኑኝም። ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኩላቸው። ከሰባት ኪሎ በላይ አለ። መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ ብለው አዩት። «ሚዛንሽን አሳምሪው!» አሉኝ። ከዚያ ያንኑ የሚያህል ባዶ ጄሪካን በውኃ ሞልቼ መዘንኩላቸው፤ አምስት ኪሎ ከትንሽ አለ። ያኔ ተቀበሉኝ። ማር ከውኃ ይከብዳል፤ አንድ ሊትር ማር 1.4 ኪሎ ያህል ነው። ቤት ውስጥ በሊትር አስበው አየር ማረፊያ በኪሎ የሚደነግጡ ሰዎች ሚዛኑን ይከሱታል። ሚዛኑ ምንም አላጠፋም። ደግሞም ማር ፈሳሽ ተደርጎ ስለሚቆጠር በዓለም አቀፍ በረራ በእጅ ቦርሳ ብዙ ቦታ ከመቶ ሚሊ ሊትር በላይ አያሳልፉትም። ከሻንጣው ያወጣችሁትን ማር በእጄ ይዤው እገባለሁ ብላችሁ አትተማመኑ። ክዳኑንም በፕላስቲክ ጠቅልሉት፤ ሻንጣ ውስጥ የፈሰሰ ማር ያሳዝናል።

ቡናው ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ እዚህ ኪሎ ማትረፍ ይቻላል። ጥሬ ቡና ሲቆላ ከክብደቱ ከመቶ 15 እስከ 20 ያህል ይቀንሳል። አምስት ኪሎ ጥሬ ቡና ተቆልቶ አራት ኪሎ ወይም ትንሽ በለጥ ይላል። ኪሎ ለጠበበበት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። መቁላት የማትፈልጉ ከሆነ ቡናው በደንብ የደረቀ ይሁን፤ የጅማ ዝናብ ቡናን ያረጥባል። የሚያሳስባችሁ ግን ቡናው ብቻ አይሁን። ካርቶንና ለስላሳ ቦርሳ ዝናብ ከመታቸው ውኃ ይመጥጣሉ። ባጃጅ ላይ ሸራው ወደ ጎን ተከፍቶ ሻንጣው ሲረጥብ አይቻለሁ፤ በላስቲክ ሸፍኑት። ባለ ሦስት እግሩን የጅማ በርጩማ የምትልኩም አዲስ የተጠረበ እርጥብ እንጨት አትግዙ። የደረቀው ይቀላል፤ መንገድ ላይም አይሰነጠቅም።

ስለ ኪሎ ገደቡ ሁለት ነገር ልጨምር፤ ሚዛኑ ትክክል ሆኖም ሰው የሚሳሳትበት ስለሆነ ነው። ብዙ ዓለም አቀፍ ቲኬት አንድ ሻንጣ 23 ኪሎ ይላል። ሁለት ሻንጣ ቢፈቀድላችሁ እያንዳንዱ 23 ነው። አንዱን 26 ሌላውን 20 አድርጋችሁ «ድምሩ 46 ነው» ብትሉ አይቀበሏችሁም። በድምር ኪሎ የሚቆጥር ቲኬት ላይ ግን ይህ ይሠራል። የትኛው እንደሆነ ቲኬቱ ላይ ተጽፏል። ከ32 ኪሎ በላይ የሆነ አንድ ሻንጣ ግን ብትከፍሉም አብዛኛው ቦታ አይቀበልም። ሻንጣውን የሚያነሳው ሰው ነው፤ ወገቡ ያስፈልገዋል። ሁለተኛው ነገር ከጅማ አዲስ አበባ ያለው በረራ ነው። በአገር ውስጥ በረራ የተለመደው 20 ኪሎ ነው። የውጭ ቲኬታችሁ ከጅማ ጀምሮ በአንድ ላይ የተቆረጠ ከሆነ የዓለም አቀፉ ገደብ ከዚሁ ይጀምራል። ለየብቻ ከቆረጣችሁ ግን ለጅማው መንገድ 20 ኪሎውን አስቡ። ሁለት 23 ኪሎ ሻንጣ ይዞ በተለየ ቲኬት የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚከፍለው እዚሁ ነው።

የጅማ መንገደኛ የሚሳፈረው አብዛኛውን ጊዜ ባለ ፕሮፔለር አነስተኛ አውሮፕላን ላይ ነው። በእንዲህ ዓይነት አውሮፕላን የሻንጣው ድምር ክብደትና የተቀመጠበት ቦታ ለበረራው ደኅንነት ይሰላል። የሠራተኞቹ ጥያቄ ከገንዘብ በላይ ነው። ይህን ስለማውቅ ሁለት ኪሎ ደብቆ የሚያልፍ ሰው ሳይ አልደሰትም።

ለሚጠይቁኝ ሁሉ የምነግራቸው ገደብ ይህ ነው። የተፈቀደላችሁ 23 ከሆነ፣ በተፈተሸ ሚዛን ከመዘናችሁ 22.5 ላይ አቁሙ። ባልተፈተሸ የእጅ ሚዛን ከመዘናችሁ 22 ላይ። ሻንጣው ራሱ ስንት እንደሚመዝን ሳትሞሉት እወቁ፤ አንዳንዱ ጠንካራ ሻንጣ ባዶውን አምስት ኪሎ ነው፤ ስትገዙ አንስታችሁ እዩት። የመዘናችሁትን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ውስጡ ላይ ለጥፉት። የሚወጣ ነገር ካለ ከላይ ይሁን። በርበሬው፣ ኮረሪማው ወይም ሁለተኛው ጥንድ ጫማ በአንድ እጅ መውጣት አለበት። ወለል ላይ ሻንጣ ዘርግቶ፣ ልብስ በትኖ፣ ሰልፍ እያየው የሚበረብር ሰው ሳይ ያመኛል።

የእኛ አየር ማረፊያ፣ አባ ጅፋር፣ ከከተማው ቅርብ ነው። ይህን ተጠቀሙበት። የሚሸኛችሁ ሰው ሻንጣው ተመዝኖ እስኪያልፍ አይሂድ፤ ባዶ ፌስታል ይዞ ውጭ ይጠብቅ። ኪሎ ቢያልፍ የወጣውን ዕቃ ወደ ቤት ይመልሰዋል፤ ከሚቀጥለው ተጓዥ ጋር ይላካል። ቦሌ ላይ ከሆነ ግን አዲስ አበባ የሚኖር ዘመድ ስልክ ቁጥር ይኑራችሁ፤ መምጣት የሚችል መሆኑንም ቀድማችሁ ጠይቁት።